የሺወርቅና የታሸገው ጌጅ

ባለፈው ሰሞን ለቅሶ ቤት ተቀምጠን ሳለ አንዱ ጎልማሳ፣ ስሙን አልጠራም፣ አባቱም እንደሱ አፈኛ ነበር፣ «የሺወርቅ እኮ ለደባርቅ ሰው አረፋ ሸጣ የተባረረች ናት» ብሎ ሳቀ። ለቅሶ ቤት ሆኖብኝ ነው እንጂ የያዝኩትን ንፍሮ ፊቱ ላይ በበተንኩት ነበር። ያኔ እኮ አልተወለደም! ሰው ያላየውን ሲመሰክር ደሜ ይፈላል። እኔ ስንቄ ግን ነበርኩ። ከየሺወርቅ ጋር ግድግዳ ለግድግዳ ተጣብቀን አምስት ዓመት ኖረናል፤ እሷ ድራፍት ትቀዳለች፣ እኔ ጠላ እሸጣለሁ። የሆነውን ልንገራችሁ። መጨረሻው ለእኔም አያምርም፣ ቢሆንም ልንገራችሁ።

የሺወርቅ የዳባት ልጅ ናት። በአሥራ ሦስት ዓመቷ አባቷን ለሚያክል ሰው ዳሯት። ሁለት ዓመት ቻለችው። በሦስተኛው ገበያ ብላ እንደወጣች ሳትመለስ ቀረች። በጭነት መኪና ሊማሊሞን ወርዳ፣ በዛሪማ፣ በሽሬ አድርጋ አሥመራ ገባች፤ አሥመራም አላስቀመጣት ብሎ ምጽዋ ወረደች። እዚያ ወደቡ አጠገብ ካለ አንድ መጠጥ ቤት ብርጭቆ አጣቢ ሆነች። የቤቱ ጌታ ጉልበቱን የሚያመው ሽማግሌ ጣሊያን ነበር። ከበርሜሉ ጋር ጎንበስ ቀና ማለት ሲያቅተው እጇን አይቶ የቢራውን ሥራ አስተማራት።

እዚህ ላይ የበርሜል ቢራን ነገር ማስረዳት አለብኝ፤ ያለዚያ በደሉ አይገባችሁም። ድራፍት ከበርሜል የሚወጣው በጋዝ ነው። ላምባ ማለቴ አይደለም፤ በብረት ቦንቦላ ታምቆ የሚመጣ፣ ቢራውን አፍንጫ የሚነካ የሚያደርገው አየር ነው። በቦንቦላውና በበርሜሉ መካከል ሰዓት የመሰለ መለኪያ አለ። ጌጅ ይሉታል፤ መርፌ አለችው፣ ከሥሩ ብሎን አለው። ብሎኑን ስታጠብቂው መርፌዋ ትወጣለች፣ በቢራው ላይ የሚጫነው ጋዝ ይበዛል። ስታላዪው ትወርዳለች። የሺወርቅ ምጽዋ ላይ ስትቀዳ መርፌዋን ከአንድ ዝቅ አድርጋ ነበር የምታቆማት። ኋላ ጣሊያኑ አሥመራ ላይ ሁለተኛ ቤት ሲከፍት እሷን ላካት። ያው ቢራ፣ ያው ጌጅ፣ ያው መርፌ፤ ቢራው ግን ሁሉ አረፋ ሆኖ እጇ ላይ ገነፈለ። አበላሸሁ ብላ ስታለቅስ ሽማግሌው ስቆ መርፌዋን ከፍ አደረገላት። ደጋ ላይ አየሩ ስስ ነው፣ ቢራውን አይጫነውም፤ ስለዚህ ጋዙ እየሸሸ ይወጣል፤ አረፋ ማለት የሚሸሽ ጋዝ ነው፤ እንዳይሸሽ አንቺ ተጫኝው አላት። ይህን ይዛ ምጽዋ አሥር፣ አሥመራ አራት ዓመት ቀዳች።

በስድሳ ዘጠኝና በሰባ እዚያ ሁሉ ጦርነት ሆነ። ሽማግሌውም ሞተ። የሺወርቅ አንድ ሻንጣና አንድ ጌጅ ይዛ ደባርቅ መጣች። ከመጣችበት ዕለት ጀምሮ ከተማው ያወራባት ጀመር። የቡና ቤት ሴት፣ የወደብ ሴት፣ ወላድ አይደለች፣ ባል የላት፤ ምኑ ቅጡ! ደግሞ እኮ የሚያሟት እነዚያው ማታ ማታ በሯ ላይ የሚሰለፉት ናቸው። ቀበሌው ከተወረሱት ቤቶች ባለ ሁለት ክፍል አከራያት፤ በውስጠኛው ትተኛለች፣ ፊተኛው ላይ በርሜሏን ተክላ ትቀዳለች። ከዚያ ቤት ሌላ በዚህች ምድር ላይ የሷ የሚባል ነገር አልነበራትም። ይህን ያዙልኝ።

አሠራሯን ልነግራችሁ እፈልጋለሁ፣ ምክንያቱም ሥራ የሚያውቅ ሰው ማየት ደስ ይላል። በርሜሉ ከጎንደር በኮንቮይ ሲንገጫገጭ ውሎ ይመጣል። ተጠማን፣ ክፈቺው ብለው ቢለምኗት፣ ቢቆጧት፣ ወታደር እንኳ ቢጮህባት ሁለት ቀን ሳይሞላው አትነካውም። ማቀዝቀዣ የላት፤ እርጥብ ጆንያ ታለብሰዋለች፣ የደባርቅ ብርድ ደግሞ አይታማም። ሲደርስ መዳፏን በርሜሉ ላይ ታሳርፋለች፤ እንደ ቅዝቃዜው አይታ ብሎኑን ታጠብቃለች። መርፌዋ አንድ ተኩል ላይ ስትቆም ትተዋታለች። ቱቦዋ ደግሞ ቀጭንና ረጅም ነው፤ በውሃ ገንዳ ውስጥ ተጠቅልሎ ይዞራል። ምን ይሠራል ይህ ሁሉ ቱቦ ብላት፣ ግፊቱ ሲበዛ መንገዱም ይርዘም፣ አለዚያ ተወርውሮ ይወጣል አለችኝ። የመጀመሪያውን ጃምቦ ራሷ ትቀምሳለች። ከዚያ በኋላ የምትቀዳው፣ ሁለት ጣት አረፋ ከላይ፣ ከሥር ወርቅ የመሰለ ቢራ።

እኔ እንግዲህ ቀናሁ፤ ምን ልደብቃችሁ። አስተማሪዎቹ፣ ሾፌሮቹ፣ የመሥሪያ ቤቱ ሰው ሁሉ የኔን ጠላ ትቶ ወደ እሷ ዞረ። እሷ ግን ክፉ ሴት አልነበረችም። እኔ ስታመም እሳቴን የምታነድልኝ፣ ውሃዬን የምታስቀዳልኝ እሷ ነበረች። ቅናትና ወዳጅነት አንድ ቤት ያድራል፤ ያላየ አያውቀውም።

በሰባ አምስት ያርጋል የሚባል ሰው የቀበሌያችን የቁጥጥር ኮሚቴ ሰብሳቢ ሆነ። ጓድ ያርጋል። ሠላሳ ዓመት አይሞላውም፤ ከደረት ኪሱ ሁለት እስክሪብቶ አይጠፋም። የስድስት ወር ትምህርት ተልኮ የተመለሰ ነው፤ ከተመለሰ ወዲህ የማያውቀው ነገር ጠፋ። ባለ ሱቁን ስለ ስኳር፣ ገበሬውን ስለ ገብስ፣ ቄሱን ስለ ታቦት የሚያስተምር ሰው ሆነ። ክፋቱ እንኳ ክፋት ብቻ ቢሆን ባልከፋ፤ ከልቡ አውቃለሁ ብሎ ያምናል። እግዜር ከእንዲህ ያለው ይሰውራችሁ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሁለት ኮሚቴ አስከትሎ የሺወርቅ ቤት ገባ። እኔም ግር ግር ሲል ሰምቼ ገባሁ። በእጁ ከላይ የመጣ ወረቀት ይዟል፤ ስለ ድራፍት አቀዳድ የሚል። ወረቀቱ ላይ መርፌዋ አንድ ላይ ትቁም ይላል። የማን አገር ወረቀት እንደሆነ፣ ለቆላ ይጻፍ ለደጋ፣ ማቀዝቀዣ ላለው ይሁን ለሌለው፣ ጠያቂ የለም። ያርጋል ጌጁን አየ። አንድ ተኩል። እሳት ለበሰ። ጋዝ የሕዝብ ንብረት ነው፣ ታባክኛለሽ አላት። ከዚያም ብሶ፣ ጋዝ አብዝተሽ እየነፋሽ ቢራውን በአረፋ ታሳብጪዋለሽ፣ ብርጭቆው የሚሞላው በነፋስ ነው አላት።

የሺወርቅ በትሕትና አስረዳችው። ጓድ ያርጋል፣ ከዛሪማ የሚመጣ የታሸገ ጀሪካን ሊማሊሞን ሲወጣ አብጦ ሊፈነዳ አይደርስም ወይ፣ እዚህ አየሩ ቀላል ስለሆነ ነው፣ ቢራውም እንደዚያው ነው፣ ካልተጫንኩት ያብጥና ያረፋል አለችው። እንዴት ያለ ግልጽ ነገር ነው! ያበጠ ጀሪካን ያላየ የደባርቅ ሰው የት ይገኛል? እሱ ግን ፊቱን ከሷ አዞረና፣ አይኑ እኔ ላይ አረፈ።

«ስንቄ፣ አንቺ የመጠጥ ሰው ነሽ። ጠላሽ ሲገነፍል ትጫኝዋለሽ ወይስ ትከፍችለታለሽ?» አለኝ።

እኔም እንደሚታወቀው፣ «ጠላ ሲገነፍልማ ከፈት ያደርጉለታል እንጂ» አልኩ።

ይኸው ነው ያልኩት። ሐሰት አይደለም። ጠላ በጋን ውስጥ ራሱ የሚፈላ፣ ጋዙን ራሱ የሚወልድ ነገር ነው፤ ክዳኑን ከፈት ካላደረግሽለት ጋኑን ይሰነጥቃል። የሷ ቢራ ግን ፈልቶ የጨረሰ፣ ያለውን ጋዝ ብቻ ይዞ የሚኖር ነው፤ ከፈት ካደረግሽለት ያለውን ይዞ ይሄዳል። ይህን ዛሬ አውቃለሁ። ያን ቀን ግን እውነት መሰለኝ፤ ቤቱ ውስጥ ያሉት ወንዶችም ሁሉ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሁሉም ከእናቱ ጋን ሥር ያደገ ነው፤ የሚገነፍል ነገር ይከፈትለታል እንጂ ይጫኑታል ብሎ ማን ያምናል? ያርጋል በድል አድራጊነት ፈገግ አለ። መርፌዋን አንድ ላይ አውርዶ፣ ብሎኑን በሽቦ ጠፍሮ፣ በሽቦው ጫፍ ላይ የእርሳስ ማኅተም አደረገበት። ማኅተሙን የነካ ፀረ አብዮት ነው ብሎ ወጣ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ምን ሆነ መሰላችሁ? የሺወርቅ ያለችው ነዋ! ቢራው አረፋ እየሆነ ወጣ። ጃምቦውን ሞልታ ትሰጣለች፣ እስኪቀመጡ አረፋው ይከስማል፣ ብርጭቆው ግማሽ ይሆናል። እሷ ደግማ ትሞላለች፤ እንደገና አረፋ። ከበርሜሉ ወገብ በታች ሲደርስ ደግሞ ጋዙ አልቆ ቢራው ሞተ፤ የታጠበ ድፍድፍ ይመስል ጀመር። ሰዉ አጉረመረመ። ማኅተሙ ፊት ለፊቱ ተንጠልጥሎ፣ ማን እንዳሰረው እያወቀ፣ የሚያጉረመርመው በሷ ላይ። እሷ ማኅተሙን ስታሳየው፣ አገኘሁ የሚባለው ሾፌር እንኳ፣ ሊማሊሞን በሳምንት ሁለት ጊዜ የሚወጣ የሚወርድ ሰው፣ ጀሪካን ሲያብጥ ስንቴ ያየ ሰው፣ «እንግዲህ ጋዙ ዝቅ ብሎም ይህን ያህል አረፋ ካለ፣ ድሮ ስንት ኖሯል!» አለ። አይ ወንድ! እዚያ ቤት አምስት ዓመት ሲጠጣ የጠጣውን ረሳው።

ሦስት ጊዜ ቀበሌ ሄዳ ማኅተሙ ይፈታልኝ ብላ አመለከተች። ሦስቱንም ጊዜ ያርጋል ጋር መለሷት። ለዚያውም በማመልከቻዋ ላይ አንዱ፣ የወደብ ሴት ሳይንስ ልታስተምረን ነው ብሎ አሾፈ። ሴት ስለ ግፊት ምን ታውቃለች አሉ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ያየችውን፣ የዳሰሰችውን፣ የቀመሰችውን! አንድ በርሜል ከፍቶ የማያውቅ ሰው ወረቀት ስለያዘ አወቀ፤ እሷ ሴት ስለሆነች አላወቀች። ዛሬም ሳስበው ጥርሴን ያፋጨኛል።

በወሩ ክስ ተጻፈባት። ሰፊውን ሕዝብ በአረፋ ማጭበርበር፣ የኢኮኖሚ አሻጥር። ጥፋተኛ ከተባለች ፈቃዷ ይሰረዛል፣ ቤቱንም ትለቃለች። ጉዳዩ እሑድ በቀበሌው ስብሰባ ላይ ይታያል ተባለ። በዚያ ሰሞን ወደ ቤቷ ስገባ ዕቃዋን አላሰናዳችም፤ ልብሷን እያጠበች፣ ብርጭቆዎቿን እያጸዳች ነው ያገኘኋት። ልቧ ተማምኗል። ሰው አይቶ ከቀመሰ በኋላ አይክድም ብላ ታስብ ነበር።

እሑድ ሆነ። አዳራሹ ጢም አለ። ያርጋል ክሱን አንብቦ ሲጨርስ የሺወርቅ ተነሳች። ብዙ አላወራችም። ቤቴ እዚህ ሃምሳ እርምጃ ነው፣ ሁለት ቀን ያረፈ አዲስ በርሜል አለኝ፣ ማኅተሙ ይፈታና እቀዳላችኋለሁ፣ አይታችሁ ፍረዱ አለች። እኛ ያርጋል እምቢ ይላል ብለን ስንጠብቅ፣ እሱ ጥቂት አሰበና እሺ አለ። ራሴ እፈታዋለሁም አለ። እሰይ፣ ልብ ገዛ ብዬ አመሰገንኩ፤ ሞኝ ነኛ!

ስብሰባው ተነሥቶ ቤቷ ገባ። ያልቻለው በመስኮት፣ በደጃፍ ቆመ። መጀመሪያ እንደታሸገ ከአሮጌው በርሜል ቀዳች፤ አረፋ። ሰው ሁሉ አየ። ቀጥላ አዲሱን በርሜል ገጠመች፤ ያርጋል በጉጠት ሽቦውን ቆረጠ። እሷ መዳፏን በርሜሉ ላይ አሳረፈች፣ ብሎኑን ቀስ ብላ አጠበቀች፣ መርፌዋ አንድ ተኩል ላይ ቆመች። ቱቦው ውስጥ የነበረውን አፍስሳ ጣለች። ከዚያ ጃምቦውን ዘንበል አድርጋ ቀዳች።

ሁለት ጣት አረፋ፣ ከሥር ጥርት ያለ ቢራ። ለአንድ ሽማግሌ ሰጠች፤ ሽማግሌው ጠጥተው፣ ከንፈራቸውን ጠርገው፣ «እግዚአብሔር ይስጥሽ፣ ይኸማ ቢራ ነው» አሉ። ሌላ ቀዳች። ሌላም። ያሏትን ብርጭቆዎች ሁሉ ሞልታ አዞረች። ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ እኔም ደረሰኝ፤ ያርጋልም አንድ ያዘ፣ ጠጣ፣ በእርጋታ ጠጣ። የሺወርቅ ከወር ወዲህ ፊቷ ሲፈታ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። እጇን በሽርጧ እየጠረገች ቆመች።

«ጥሩ ነው፤ እንዲህ አድርጎ መቅዳት ዛሬ ነው የተማርሽው?» አላት ያርጋል።

«ኧረ ከምጽዋ ጀምሮ አውቀዋለሁ፣ መቅዳት ከጀመርኩ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው» አለች፤ በኩራት ነው ያለችው፣ ምስኪን።

ያርጋል ወደ እኛ ዞረ። «ጓዶች፣ ከአፏ ሰማችሁ። እንዲህ አሳምሮ መቅዳት የምታውቅ ሴት አንድ ወር ሙሉ አረፋ ስትሰጠን የኖረችው ባለማወቅ አይደለም። ሆን ብላ ነው።»

እንግዲህ በሉ። ያሰረ እሱ! ያሸገ እሱ! ብሎኑን እንዳትነኪ ያለ እሱ! ይህን ሰው ተነሥቶ የሚለው መስሎኝ ጠበቅሁ። ሽማግሌውን አየሁ፤ ጢማቸውን ያሻሻሉ። አገኘሁን አየሁ፤ ጣራውን ያያል። የሺወርቅ አፏን ከፍታ፣ «ማኅተሙስ? ማኅተሙን ማን አደረገው?» አለች። ያርጋል ክርክሩ አልቋል አለና፣ ጥፋተኛ ናት የምትሉ እጃችሁን አንሡ አለ።

መጀመሪያ ኮሚቴዎቹ አነሡ። ቀጥሎ አገኘሁ፤ የመኪናው ወረቀት ያርጋል እጅ ነው። ቀጥሎ ሽማግሌው፤ ልጃቸው ለዘመቻ ተመዝግቧል፣ እንዲያስቀሩላቸው ደጅ ይጠናሉ። እያንዳንዱ የራሱ ፍርሃት ነበረው፤ አውቃለሁ። አንዱ ከሌላው እያየ እስከ ደጃፉ ድረስ እጅ ተነሣ።

የሺወርቅን በሦስተኛው ቀን ከቤቱ አስወጧት። ጌጁንም ንብረት ነው ብለው አስቀሩባት። ሻንጣዋን ተሸክማ ወደ ዳባት በእግሯ ሄደች፤ ከዚያ ወዲያ የት እንደደረሰች እርግጡን የነገረኝ የለም። አንዳንዱ ጎንደር ለሰው እንጀራ ትጋግራለች ይላል፣ አንዳንዱ ሞታለች ይላል። ቤቱን ለአንድ የኮሚቴ ዘመድ ሰጡት፤ በርሜል ግን መክፈት የሚችል ስላልተገኘ መጋዘን ሆነ። የጠላ ደንበኞቼም ተመለሱ።

የኔ ነገር ቀርቷል። ማንም አልጠየቀኝም፣ አልደበቅሁም ግን። ከኔ ምንም የሚወስድብኝ አልነበረም ያርጋል፤ የራሴ ቤት አለኝ፣ ባል የለኝ፣ ለዘመቻ የሚሄድ ልጅ የለኝ። ቢሆንም አነሣሁ። ቀኝ እጄን አነሣሁ፤ ግራዬ የሷን ጃምቦ እንደያዘ ነበር፣ የምናስቀምጥበት ስላልነበረ ብዙዎቻችን እንደያዝን ነው ያነሣነው። ተቆጥረን አበቃን፣ እጃችንን አወረድን። የሺወርቅ ከፊታችን ቆማ፣ እየዞረች ብርጭቆዎቿን ትሰበስብ ጀመር። እኔ ዘንድ ስትደርስ ጃምቦዬ ውስጥ ጥቂት ቀርታ ነበር። እሷ እጇን ዘርግታ እየጠበቀችኝ፣ ጨለጥኳትና ባዶውን ሰጠኋት።